ስለ ተቀማሁት ሁዳዴ

«በየካቲት ፳፱ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት፣ በዕለተ መጻጉዕ፣ የባለ እግዚአብሔር ማኅበርተኞች ተሰብስበን፣ ወንድማችን አቶ ሰንበታ ፈዬራ ከሰውነት ተራ እየወጡ፣ ሥጋቸው እያለቀ፣ የቤታቸውም እጅ እያጠረ መሄዱን ስላየን መከርን። የነፍስ አባታቸውም በሕመማቸው ምክንያት ከሁዳዴ ጾም ፈትተዋቸዋል። ስለዚህ እስከ ፋሲካ ድረስ ማኅበርተኛው ሁሉ በየተራው የሚጠግን ምግብ በቅቤ እያሠራ ወደ ቤታቸው እንዲያደርስ፣ በልተው እስኪጨርሱም ቆሞ እንዲያይ ወስነናል።»

ለተከበሩ ግራዝማች አብተው፣ በአዳማ የባቡር ጣቢያ ሠፈር ዳኛ፣ የባለ እግዚአብሔር ማኅበር ሙሴና አለቃ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነበርሁ፤ ከየካቲት ፳፱ ቀን ወዲህ ግን በእርስዎ ውሳኔ ታምሜአለሁ። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ የሰመረ ችሎት፣ የማይነጥፍ ላምና የማይታክት ጉልበት እመኛለሁ፤ ሳይጠይቅዎ የሚፈርድልዎ ወዳጅ ግን እግዚአብሔር እንዳያመጣብዎ ዘወትር እጸልያለሁ።

ከላይ ቃል በቃል የገለበጥሁት ውሳኔ የተነበበው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሳይበተን፣ እኔም ባለቤቴም በቆምንበት ነው። መልሴም በጓዳ እንዳይቀር ብዬ ይህን ደብዳቤ አንዱን ለእርስዎ፣ አንዱን አዲስ አበባ ለሚታተመው ጋዜጣ ልኬ፣ አንዱን ደግሞ በጣቢያው የዕቃ መጋዘን ግድግዳ ላይ አስለጥፌአለሁ። ማንበብ የማይችል ቢኖር የሚያነብለት እንደማያጣ አውቃለሁ፤ ስለ እኔ ሥጋ ሲወራ ጆሮውን የሚነፍግ ሰው አዳማ ውስጥ እስከ ዛሬ አላየሁም።

የነገሩን መነሻ እርስዎ ቢያውቁትም ጋዜጣውን የሚያነብ እንግዳ እንዳይቸገር በአጭሩ ልጻፈው። እኔ በዚህ ጣቢያ የጉምሩክ አስተርጓሚ ነኝ። በወጣትነቴ ቤይሩት ከተማ ኡኒቨርሲቴ ገብቼ ተምሬአለሁ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ያን ሁሉ ዓመት ስማር «አልበላም» የሚለውን ቃል አዳማ ላይ በየትኛው ቋንቋ ቢናገሩት ሰው እንደሚሰማ ያስተማረኝ መምህር የለምና። ባለፈው ኅዳር የባቡሩ ሐኪም ከድሬዳዋ ሲመጣ ደረቴን አዳመጠና ልቤ ሞራ እንደ ለበሰ ነገረኝ። ስድስት ፈረሱላ እመዝን ነበር። እስከ ፋሲካ ወደ አምስት ፈረሱላ ካልወረድሁ ለከርሞ ፋሲካ ሐኪም መጠበቅ እንደማያስፈልገኝ ነገረኝ፤ ሲነግረኝም አልሳቀም።

ሐኪሙን ያመንሁት ስለ ተማረ ብቻ አይደለም፤ ታላቅ ወንድሜን ጆቴን ስለ ቀበርሁ ነው። ጆቴ ሞጆ ጣቢያ የባቡሩን መወጣጫ በአንድ እግሩ ረግጦ ሌላውን ሳያነሣ ወደቀ። ያን ጊዜ ዕድሜውም ውፍረቱም ዛሬ እኔ ያለሁበት ነበር። በቀብሩ ላይ ወገቤን ይዘው ያጽናኑኝ እርስዎ ነዎት፤ ያሉኝንም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «አይዞህ ወንድሜ፤ ደግነቱ ሳይከሳ ሞተ።» ልቅሶተኛው ሁሉ ይህን ሲሰማ በትልቅ መጽናናት ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቅንቄአለሁ።

ስለዚህ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ ቅቤ ተውሁ፤ ጠጅ ተውሁ፤ ማታ ማታ በጎመን አንድ እንጀራ እየበላሁ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እየሄድሁ፣ ወንድሜ የወደቀባትን መወጣጫ ሁለት እግሬን አንሥቼ ለመሻገር ቆረጥሁ። ማንንም አላስቸገርሁም፤ ከማንም ምንም አልለመንሁም። በዚህም ምክንያት ከእርስዎና ከማኅበርተኛው የተደረገልኝን ደግነት አንድ በአንድ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ በቅሎዎ። ጠዋት ጠዋት ከጣቢያው ተነሥቼ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ እስከ ትልቁ ግራር ደርሼ እመለስ ነበር። አንድ የጉምሩክ ሹም በእግሩ መሄዱ ከተማውን አስጨነቀው፤ መጀመሪያ በቅሎዬ ሞተች ተባለ፤ ቀጥሎ በዕዳ ተሸጠች ተባለ። በቅሎዬ ግን በረት ውስጥ ገብስዋን እየበላች ነበር፤ እንዲያውም ከእኔ የጎደለው ሁሉ ወደ እርሷ የተሻገረ ይመስል ወፍራ ነበር። እርስዎም ርኅራኄዎ አላስችል ብሎዎት የራስዎን በቅሎ በሙሉ ጌጧና መጣብሯ አስጭነው ከአሽከር ጋር ሰደዱልኝ። አልቀመጥም ስለው አሽከሩ ባዶዋን ይዞ ከተመለሰ እንደሚገረፍ ነገረኝ፤ እንዳይገረፍም አብሮኝ ይሄድ ጀመር። ስለዚህ የአዳማ ሰው በየማለዳው የሚያየው እኔ ከፊት በላብ ተነክሬ በአቧራ ውስጥ ስሄድ፣ ተሸልማ የተጫነች ባዶ በቅሎ ደግሞ ከኋላዬ ስትሳብ ነው። የተሸለመች ባዶ በቅሎ መቼ መቼ እንደምትሳብ እርስዎ ብዙ መኳንንት የቀበሩ ሰው ስለ ሆኑ አልነግርዎትም። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከአርሲ ስትመጣ አግኝታን ማን እንደ ሞተ እኔኑ ጠየቀችኝ። እኔም ነፍስ ይማር ብዬ አለፍሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሚዛኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጣቢያው የዕቃ ሚዛን ላይ፣ በቆዳ እስርና በቡና ጆንያ መካከል ቆሜ ራሴን እመዝን ነበር። ይህንንም አንዳንዱ ለሬሳ ሣጥን ልኬን ልወስድ ነው ሲል፣ አንዳንዱ ኩባንያው በክብደት ሊሸጠኝ ነው ሲል ከረመ። እርስዎ ግን ነገሩን እንደ ዳኛ መርምረው፣ ሰው በተመዘነ ዕለት በረከቱ እንደሚገፈፍ በችሎት ላይ መናገርዎን ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ወደ ሚዛኑ ስቀርብ ተሸካሚዎቹ አማትበው ይሸሻሉ። ቢሆንም ሚዛኑ አንድ ነገር ጠቅሞኛል፤ በዚህ ከተማ ስለ ሥጋዬ በትክክል የማውቀው እኔ ብቻ እንድሆን አድርጎኛል። ውሳኔዎ «ሥጋቸው እያለቀ» ይላል። በዚያ ሳምንት አምስት ፈረሱላ ተኩል ነበርሁ። ይህ ማለቅ ከተባለ፣ የእርስዎ ጎተራም ከአፉ አንድ ቁና ስለ ጎደለ አልቋል ተብሎ ለድሆች መዋጮ ሊሰበሰብልዎ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ «በሞቴ» ስለሚባለው ነገር። አዳማ የመብያ ምክንያት አጥታ ያደረችበት ቀን የለም። ልጅ ሲወለድ ይበላል፤ ሰው ሲሞት ይበላል፤ ዝናብ ዘነበ ተብሎ ይበላል፤ ቀረ ተብሎ ተለምኖ ይበላል፤ ባቡሩ በሰዓቱ ሲገባ ተመስገን ተብሎ፣ ሲዘገይ ደግሞ እስኪመጣ ተብሎ ይበላል። ይህን ሁሉ ምክንያት አንድ በአንድ እንደ ነገረ ፈጅ እየተከራከርሁ እመልስ ነበር። እኔም ከብረት አልተሠራሁም፤ የባለቤትዎ የወይዘሮ በላይነሽ የዶሮ ወጥ ምንቸት ሲከፈት የቤይሩት ትምህርቴ ሁሉ ከአፍንጫዬ እንደ ጉም ሲበንን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ለምክንያት መልስ አለ፤ ለ«በሞቴ» መልስ የለም። ጉርሻውን በእጁ ይዞ በሞቴ፣ አፈር ስሆን የሚለኝን ሰው እምቢ ብለው ሞቱን የፈቀድሁ እኔ ልሆን ነው። ስለዚህ ገዳይ እንዳልባል ጎርሻለሁ። ባለፈው ጥር በሠርጉና በጥምቀቱ ወራት በእኔ ጉሮሮ ከሞት የዳነው ነፍስ ብዛት፣ የባቡሩ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ካዳነው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ጎረቤቴ ስለ መሐመድዘይን። እርሱ ማኅበርተኛ አይደለም፤ ወሎዬ ነጋዴ ነው፤ ሱቁም ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ዘንድሮ ረመዳኑ ሊያልቅ ሲል ሁዳዴያችን ገብቶ ጥቂት ቀን አብረን ጾምን። ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ከደጄ ቆሞ ይቀልድብኝ ነበር፦ «አቶ ሰንበታ፣ እኛስ ፀሐይ ስትጠልቅ እንፈታለን፤ የእርስዎ ፀሐይ መቼ ነው የምትጠልቀው?» እኔም ለፋሲካ ብዬ እመልስለት ነበር። ስለ ክሳቴ ምክንያቱን የጠየቀኝ፣ ስነግረውም እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው እርሱ ብቻ ስለ ሆነ በዚህ ደብዳቤ ልከሰው አልፈልግም። ነገር ግን በዒዳቸው ዋዜማ እርስዎ ወደ ሱቁ ጎራ ብለው የምሞተው በረኀብ እንደ ሆነ በሹክሹክታ ስለ ነገሩት፣ በማግስቱ ባለቤቱ ዙለይካ ሥጋችን እንደማይገናኝ አውቃ የሚገናኘውን ሁሉ፣ ተምሩንም ሐላዋውንም በትሪ ሞልታ ላከችልኝ። ተምርና ሐላዋ ጾም አያስገድፍም። ይህ እስከ ዛሬ ከተገኘልኝ ምክንያት ሁሉ የሚበልጥ ምክንያት ነበር፤ ትሪውንም ባዶውን መለስሁ። በዚህ የሚወቀሰው ዙለይካ አይደለችም፤ እርስዎም ብቻ አይደሉም። ቀጥዬ እንደምጽፈው ግን በዚያ ትሪ ላይ የወደቅሁት ውድቀት ትንሽ ነበር፤ ገና የሚያነሣኝ ጾም ነበረኝና።

አምስተኛ፤ ስለ ጾሙ። ግራዝማች፣ ገበሬ ሰኔን እንደሚጠብቅ እኔ ሁዳዴን ጠብቄአለሁ። ከየካቲት ፱ ቀን ጀምሮ በአዳማ በቅቤ የተነካካ እጅ ዘርግቶ በሞቴ የሚለኝ ክርስቲያን አይገኝም፤ ምንቸቱ ተደፍቷል፤ ማለቢያው ተሰቅሏል፤ የእኔ ነገር የሁሉም ነገር ሆኗል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጠብቅ የሚያዝንልኝ የለም፤ ሁሉም ይጠብቃልና። ጎመን ስበላ የሚያማኝ የለም፤ ሁሉም ጎመን ይበላልና። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባች፤ የጣቢያውን ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁ። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሜ እስትንፋሴን ሳዳምጥ ወንድሜን ጆቴን አሰብሁት፤ ሳላውቀውም እንባ መጣብኝ። በሕይወቴ ያን ያህል የሰው እኩያ ሆኜ አላውቅም።

እንግዲህ በዚህ መካከል የመጻጉዕ እሑድ ደረሰ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ ተኝቶ ስለ ኖረው በሽተኛ ወንጌሉ ተነበበ፤ እርስዎም ወንጌሉን ሲሰሙ እኔን አሰቡኝ። ለነፍስ አባቴ ነገሯቸው፤ እርሳቸውም በእርስዎ ቃል ታምነው እኔን ሳይጠይቁ ፈቱኝ። ማኅበሩ ተቀምጦ ወሰነ፤ ተነበበ። መጻጉዕ ጌታን «ሰው የለኝም» አለው፤ እኔ ግን ያን ዕለት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ሕዝቡ ሁሉ በእንባ ሲያየኝ፣ ጌታ ሆይ ሰው በዛብኝ ብዬ አልቅሻለሁ።

በማግስቱ ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ የሐኪሙን ቃል፣ የወንድሜን ነገር፣ የሚዛኑንም ሁሉ አስረዳኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ታግሠው ሰሙኝ፤ ከዚያም ከቤይሩት እስከ አዳማ የሰማሁትን ክርክር ሁሉ የሚዘጋ ቃል ተናገሩኝ፦ «ልጄ፣ ታምሜአለሁ ካልህ ተፈትተሃል፣ ብላ። አልታመምሁም ካልህ ከሐኪም ቤት ምን ወሰደህ? ለሆድ ተብሎ የሚጾም ጾም ደግሞ እኔ አላውቅም።» ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበርተኛው ሁሉ እየጾመ እኔ ብቻ እንድበላ ተፈርዶብኛል። ሰዎቹ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ራሳቸው ያልቀመሱትን፣ ቅቤ ያነጠሩለትን ገንፎ፣ የዶሮ መረቅ፣ ጨጨብሳና እንቁላል ተሸክመው በፀሐይ ይመጣሉ፤ እንደ ውሳኔውም እስክጨርስ ቆመው ያያሉ። በጾመኛ ሰው ዓይን ሥር ቅቤ መብላት ምን እንደሚመስል የቀመሰው የለምና ልገልጸው አልሞክርም። አንዱ ሽማግሌ ቆሞ ሲያየኝ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ ወዲያው አፍሮ አማተበ። እኔም አፈርሁለት፤ ቶሎ ይገላገል ብዬም ፈጥኜ ጨረስሁ።

የሚቀጥለውን ነገር ስድስተኛ ብዬ ከበቅሎና ከሚዛን ጋር ልቆጥረው እጄ አልታዘዘም፤ ያለ ቁጥር እጽፈዋለሁ። በውሳኔዎ ውስጥ «የቤታቸውም እጅ እያጠረ» የሚሉ ቃላት አሉ። የቤቴ እጅ ባለቤቴ ወይዘሮ አረጋሽ ናት። ሌላ እጅ በቤቴ የለም።

ወይዘሮ አረጋሽ ማን እንደ ሆነች ለጋዜጣ አንባቢ እንጂ ለእርስዎ አልነግርም። ጣቢያው ሲከፈት፣ አዳማ ከግራርና ከንፋስ በቀር ምንም በሌላት ጊዜ፣ ከባቡር የወረደ እንግዳ ሁሉ የበላው ከእርሷ እጅ ነው፤ ከነዚያም እንግዶች አንዱ እርስዎ ነበሩ። እኔ ቅቤ ይቅር ስላት አዝናለች፤ ነገር ግን ሐኪሙ ያለውን ስለ ሰማች እያለቀሰች ታዝዛኛለች። ጎመኑን ያለ ቅቤ እንዲጣፍጥ አድርጋ ለመሥራት ስትደክም አይቻለሁ። ያ ድካም ነው በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጅ ማጠር ተብሎ የተነበበው።

ከዚያ ወዲህ በሴቶች ወገን በቆመችበት ሌሎቹ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ። ገበያ ስትወጣ ቅቤ ተወዶባት እንደ ሆነ በአዘኔታ ይጠይቋታል። ወይዘሮ በላይነሽ ቤታችን ገብታ፣ እጅ ከመንሣቷ በፊት ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ከፍታ አየች፤ ጎመን መሆኑንም አይታ መልሳ ከደነችው። አንድ ነገር ብላ ቢሆን ኖሮ አረጋሽ ትመልስላት ነበር። አሁን አረጋሽ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አትሄድም። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃት፣ ጥጥ ትፈትል ነበርና እንዝርቷን ሳታቆም እንዲህ አለችኝ፦ «እርስዎ የሚቀንሱት ሥጋዎን ነው፤ ከእኔ ላይ የሚቀንሰው ስሜ ነው።»

በዚያው ሳምንት የወይዘሮ በላይነሽ ተራ ደረሰና ገንፎ ይዛ መጣች፤ መካከሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቶበታል፤ በርበሬውም በዳር በዳሩ ይሽከረከራል። አልበላም ልል አፌን ስከፍት ቀና ብዬ አረጋሽን አየኋት። በጓዳው በር ቆማ ነበር። ብበላ ባሏን አላስራበችም ይባላል ብላ ተስፋ ያደረገች መሰለኝ። ስለዚህ ለሐኪሙም፣ ለሚዛኑም፣ ለወንድሜም ጀርባዬን ሰጥቼ በላሁ። እስከ መጨረሻው በላሁ፤ ሳህኑንም በጣቴ ጠረግሁ። እውነቱን ለመናገር እጅግ ጣፋጭ ነበር። ይህም ከሁሉ የሚያስከፋኝ ነው።

እንዲህ አድርጌ የባለቤቴን ስም ያዳንሁ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነበርሁ። በየቀኑ ስበላ ጉንጬ ሞላ፤ ቀበቶዬ ወደ ቀድሞ ቀዳዳዋ ተመለሰች፤ ከተማውም ተመስገን አለ። ቀጥሎ ግን የሚሉትን ሰማሁ፦ «አያችሁ? በሰው እጅ ሲበላ ዳነ።» ግራዝማች፣ እርስዎ ስንት ክርክር የፈረዱ ሰው ነዎትና ይህን ይፍረዱልኝ። ብከሳ ያስራበችኝ እርሷ ናት፤ ብወፍር ከእርሷ እጅ ያዳኑኝ እናንተ ናችሁ። ባልበላ እርሷ ትወቀሳለች፤ ብበላ ወቀሳው ይመሰከርባታል። የሁለቱንም ወገን ዕዳ የምትከፍል እርሷ ብቻ ናት። ከዚህ ወጥመድ የምወጣበትን ቀዳዳ ተማርሁ የምለውን ሁሉ ሰብስቤ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። በእጅዎ የተጻፈና ማኅተምዎ ያረፈበት መልስ እንዲሰጡኝ፤ በመልስዎም ሰንበታ ፈዬራ የከሳው በሐኪም ቃልና በራሱ ፈቃድ እንጂ በሚስቱ እጅ እንዳልሆነ፣ የወይዘሮ አረጋሽም እጅ ትናንት ከነበረው ዛሬ አንድ ስንዝር እንዳላጠረ፣ የቀረውንም ጾም እንደ ሌላው ክርስቲያን እንድጾም እንደ ተመለሰልኝ እንዲገልጹልኝ፤ ይህም ውሳኔው በተነበበበት ደጅ፣ በዚያው ድምፅ እንዲነበብልኝ ነው። ቀኑንም ልወስንልዎ እደፍራለሁ፤ እስከ መጋቢት ፳ ቀን፣ እስከ ኒቆዲሞስ እሑድ ድረስ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ እንኳንስ እኔን ሁዳዴንም የሚያድነው የለም፤ ፋሲካ ይደርሳል፣ ምንቸቶችም ይከፈታሉ። ምናልባት በቀን መልስ መስጠት ለማዕርግዎ የሚከብድዎ ከሆነ፣ ኒቆዲሞስም ሹም ሆኖ ሳለ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነውና፣ እርስዎም ሰው ሳያይዎ በሌሊት ቢልኩት ቅር አይለኝም። የሚነበበው ግን በቀን ነው።

ደግነትዎ ያልጠየቀውን ሁሉ የሚያጠግብ፣ ፍርድዎ ላልተከሰሰው ሁሉ የሚደርስ፣ በቅሎዎም ያልጠራትን ሁሉ የምትከተል ለሆኑት ለእርስዎ፣ በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ በማኅበርተኛው ልግስና ዕለት ዕለት እየሰፋሁ የምገኝ፣

ሰንበታ ፈዬራ
የአዳማ ጣቢያ ጉምሩክ አስተርጓሚ
አዳማ፣ መጋቢት ፰ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ስጽፍ ተራው ዞሮ ዛሬ ከእርስዎ ቤት የተላከው ገንፎ ቀረበልኝ። ያመጣው አሽከርዎ ስለ ሆነ፣ ባዶ ሳህን ካልመለሰም እንደሚገረፍ ስለ ነገረኝ በልቼዋለሁ፤ ደብዳቤውንም ከሳህኑ ጋር የሚያደርስልዎ እርሱ ነው። በወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው ነጠብጣብ እንባ እንዳይመስልዎ፤ ቅቤ ነው። መልስዎ እስከ ቀጠሮው ቀን ካልደረሰኝና የሐኪሙ ቃል ከደረሰ፣ ለቀብሬ አዲስ ቃል ለማግኘት አይቸገሩ፤ ለወንድሜ ያሉት ይበቃኛል፤ ሳልከሳ መሞቴን ማኅበርተኛው ሁሉ በዓይኑ አይቶ ይመሰክርልኛል። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልዎታለሁ። ለተዝካሬ ማንም ምንም እንዳያመጣ፤ ድግሱን አረጋሽ ብቻዋን ትሥራው። ያን ቀን ቀምሰው የእጇን ማጠር ይፍረዱ፤ እኔ ተነሥቼ እንዳልከራከርዎ ያን ጊዜ እርግጠኛ ይሆናሉ።